ሌክሰስ ቲኤክስ ወይስ ቮልቮ ኤክስሲ 90? ዲለር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የሚሠራ የቤት ሥራ

በዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ ሐበሻ ቤቶች የመኪና ወሬ የሚነሳበት ጊዜ ይታወቃል። ወይ ሦስተኛ ልጅ ይወለዳል፣ ወይ እናት ከአገር ቤት ይመጣሉ። ካምሪዋ ትጠባለች። «ሲየና እንግዛ» ሲባል አንደኛው ወገን ያኮርፋል፤ ቫን መንዳት አይፈልግም። ትንሽ ገንዘብ ያላቸው ባልና ሚስት ጋር ወሬው ብዙ ጊዜ ሁለት መኪና ላይ ይቆማል፤ አንዱ «ሌክሰስ ነው እንጂ» ይላል፣ ሌላው «ለልጆቼ ቮልቮ» ይላል።

ሁለቱም ሦስት ረድፍ ወንበር አላቸው። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ 60 ሺህ ዶላር አካባቢ ይጀምራሉ፤ ትንሽ ነገር ስትጨምሩባቸው 70 ሺህን ይነካሉ። ጠባያቸው ግን በጣም ይለያያል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። መኪናውን 10 ዓመት የምትይዙ ሰዎች ከሆናችሁ አዲስ ሌክሰስ ግዙ። በየ3 ዓመቱ የምትቀይሩ ወይም 3 ዓመት ገደማ ያገለገለ መኪና የምትፈልጉ ከሆናችሁ ቮልቮው ሳያዋጣ አይቀርም። ከዚህ በታች ያለው ይህ ነገር እናንተ ቤት ይሠራ እንደሆነ የምትፈትሹበት መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ ስንት ዓመት እንደምትይዙት ተስማሙ

ይህን ሳትወስኑ ዋጋ ማወዳደር ድካም ብቻ ነው። ሌክሰስ ሲሸጥ ዋጋውን ይይዛል። ያገለገለ ቲኤክስ ስትፈልጉ ከአዲሱ ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ «ታዲያ አዲሱን አልገዛም?» ትላላችሁ። ቮልቮው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኤክስሲ 90 በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ብዙ ይወርዳል። አዲስ ለገዛው ሰው ሐዘን ነው፤ ቀጥሎ ለሚገዛው ሠርግና ምላሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቲኤክስ አዲስ ሞዴል ነው፤ የወጣው በ2023 መጨረሻ የ2024 ሞዴል ተብሎ ነው። ስለዚህ ያገለገለው ገበያ ላይ ብዙ ምርጫ የለም። የአሁኑ ኤክስሲ 90 ግን በ2014 ለዓለም የታየና አሜሪካ ከ2016 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጥ ነው። መሠረቱ ያው ሆኖ እየታደሰ ነው የመጣው። አሮጌ ዲዛይን መሆኑ ጉዳት አለው፤ ግን የትኛው ዓመት ምን ችግር እንዳለበት መካኒኮች ያውቁታል።

«ስንጨርስ ወደ አገር ቤት እንልከዋለን» የሚል ሐሳብ ካለ እዚህ ላይ ይቁም። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ደረጃ 2፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?

ስም እየጠራችሁ መልሱ። «ሰው ሲመጣ» የሚለው መልስ አይቆጠርም።

ቮልቮ ራሱ የኤክስሲ 90 ሦስተኛ ረድፍ እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው ነው ይላል። ትክክል ነው፤ ግን ያ ሰው እንዴት ገብቶ እንደሚወጣ ቁጥሩ አይነግራችሁም። የ12 ዓመት ልጅ ይዘላል። አማት አይዘሉም። ወለሉ ከፍ ስላለ ጉልበት ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ወገብ ማጉረምረም ይጀምራል።

ቲኤክስ የተሠራው ለዚህ ወንበር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ርዝመቱ 203 ኢንች ነው፣ ወደ 5 ሜትር ከ16 ሴንቲ። ቮልቮው 195 ኢንች ነው። ያ የ8 ኢንች ልዩነት በአብዛኛው የሄደው ወደ ኋላ ነው። ትልቅ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ከአሌክሳንድሪያ ኒው ዮርክ ድረስ ሳያማርር ይሄዳል።

ሙከራው እንዲህ ነው። እናታችሁን ወይም አማታችሁን ይዛችሁ ዲለር ሂዱ። ቀሚሳቸውንና ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ እንደ እሑድ ጠዋት። ሻጩ እንዳይረዳቸው። ራሳቸው በሩን ከፍተው፣ የሁለተኛውን ረድፍ ወንበር ወደ ፊት ገፍተው ይግቡ። እጃቸው የሚይዘው ነገር ፈልጎ የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ቲኤክሱ ባለ 6 መቀመጫ ከሆነ በሁለቱ መካከለኛ ወንበሮች መሃል መተላለፊያ ስላለው ወንበር ሳይነካ ይገባል። ባለ 7 ከሆነ ግን መተላለፊያው የለም። ቮልቮው በአየር የሚሠራ ሞላ የተገጠመለት ከሆነ ሞተር ሲጠፋ መኪናው ዝቅ ይላል። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚገኘው ግን ውድ በሆኑት ላይ ወይም ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው፤ ዋስትና ካለቀ በኋላ ሲበላሽም ቀልድ አይደለም።

እማማ ከመጡ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ሦስተኛው የልጆች ነው ካላችሁ ቮልቮው ይበቃችኋል። ይህን ደረጃ በሐቀኝነት ከመለሳችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ደረጃ 3፦ ካር ሲቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ማለቴ በወሬ አይደለም፤ ከካምሪዋ ፈትታችሁ ውሰዷቸው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ልጅ 2 ዓመት እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ አለበት። እስከ 8 ዓመት ድረስም የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው፤ ሜሪላንድ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ለደረሰ ልጅ ብቻ ቀደም ብላ ትለቃለች። ስለዚህ ሦስት ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት ይህ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ኑሮ ነው።

ወደ ኋላ የሚዞረውን ካር ሲት አስገቡና የፊቱን ወንበር ሾፌሩ እንደሚነዳበት አድርጋችሁ አስተካክሉት። የረጅም ሰው ጉልበት ዳሽቦርድ ነካ? ያ መኪና አይሆንም። ቀጥሎ ካር ሲቱ እንደታሰረ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ለመግባት ሞክሩ። ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያገኘው ችግር እዚህ ነው፤ ካር ሲት የታሰረበት ወንበር ስለማይታጠፍ ትልቁ ልጅ በየቀኑ በትራንክ በኩል ይገባል።

የቮልቮው ሁለተኛ ረድፍ በባለ 7 መቀመጫው ላይ ሦስት ለየብቻ የሚንሸራተቱ ወንበሮች ነው። መካከለኛውን ወደ ፊት ስባችሁ ሕፃኑን ወደ እናንተ ማቅረብ ትችላላችሁ። በአንዳንዶቹ ላይም ከመካከለኛው ወንበር ውስጥ የሚወጣ ተሠርቶ የገባ ቡስተር (ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) አለ። ያገለገለ ስትፈልጉ ይህ ያለውን ጠይቁ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ የሌላ ሰው ልጅ ከትምህርት ቤት አብሮ ማምጣት ሲኖርባችሁ ትባርኩታላችሁ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ በወንበሩ ሥር ባሉት የብረት ማሰሪያዎች መጠቀም የሚቻለው የልጁና የካር ሲቱ ክብደት አንድ ላይ 65 ፓውንድ እስኪሆን ነው። ከዚያ በኋላ የመኪናውን ቀበቶ ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ ሻንጣና ጋራዥ

ሻንጣውን በዳለስ አየር ማረፊያ ለኩት። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ። አራት ሰው ሲሄድ ስምንት ትልልቅ ሻንጣ ነው፤ የእጅ ቦርሳውንና «ይህችን ብቻ አድርስልኝ» የተባለውን ሳንቆጥር። ቲኤክስ ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ወደ 20 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ አለው፤ ሦስተኛው ሲታጠፍ ወደ 57 ይደርሳል። ቮልቮው በሁለቱም ይበለጣል። ሰባት ሰው ጭናችሁ ሻንጣም የምትጭኑ ከሆነ ቮልቮው ላይ አይሆንም፤ ፖርቶመጋላ ትፈልጋላችሁ።

ነገር ግን ያው ርዝመት ቤት ስትገቡ ይከፈላል። በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ታውንሃውሶች ጋራዥ ብዙዎቹ አጭርና ጠባብ ናቸው። ሜትር ያዙና ከግድግዳው እስከ በሩ ለኩ። ከ203 ኢንች ላይ ትራንኩን ከፍታችሁ የምትቆሙበትን ጨምሩ። የብስክሌቱንና የዶሮ ወጥ የሚሠራበትን የጋዝ ምድጃ ቦታ ደግሞ ከጋራዡ ላይ ቀንሱ። ለካችሁ ካልገባ ሌክሰሱ በረዶ ላይ ያድራል። የእሑድ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግም የራሱ ፈተና አለው፤ እዚያ 8 ኢንች ብዙ ነው።

ደረጃ 5፦ ከስሙ በኋላ ያለውን ፊደልና ቁጥር ምረጡ

«ሌክሰስ» ብሎ መግዛት የለም። ቲኤክስ 350 አለ፤ 2.4 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ፣ 275 የፈረስ ጉልበት። ከዚህ በላይ ቲኤክስ 500ኤች ሃይብሪድ አለ፤ 366 የፈረስ ጉልበት። በሶኬት የሚሞላው 550ኤች ፕላስ ደግሞ 404 አለው። 350ው ባለ 6 ወይም ባለ 7 መቀመጫ ሆኖ ይመጣል። ሃይብሪዶቹ ግን ባለ 6 ብቻ ናቸው። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት ሃይብሪድ አምሮት ዲለር ድረስ ሄዶ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ባለ አራት ጎማ ጎታቹ 350 በአማካይ በጋሎን 23 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል፤ 500ኤች 27። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ ልዩነቱ 77 ጋሎን ገደማ ነው። በነዳጅ ብቻ የዋጋውን ልዩነት መመለስ ዓመታት ይፈጃል። 500ኤችን የምትገዙት ጉልበቱን ስለወደዳችሁት ከሆነ ጥሩ፤ ለቁጠባ ከሆነ ደግማችሁ አስሉ። 350ው ላይ ያለኝ ቅሬታ ድምፁ ነው። ሀይዌይ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡት 60 ሺህ የተከፈለበት አይመስልም።

የቮልቮው ምርጫ ቢ5፣ ቢ6 እና ቲ8 ነው። ሦስቱም የተመሠረቱት በአንድ ባለ 2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ላይ ነው። ቢ5 247 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቢ6 295። ቲ8 በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ሲሆን ከ2023 ሞዴል ወዲህ ያለው 455 ይደርሳል። ሲሞላ ከ30 ማይል በላይ ያለ ነዳጅ ይሄዳል። ሥራና ትምህርት ቤት ቅርብ ከሆነና ቤት መሙያ ካላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ነዳጅ ማደያ ላትረግጡ ትችላላችሁ። አፓርታማ ውስጥ ሆናችሁ መሙያ ከሌላችሁ ግን ቲ8 አትግዙ። ባዶ ባትሪ ተሸክሞ መዞር ምን ይጠቅማል?

ቮልቮ ለእነዚህ ሞተሮች ባለ 91 ኦክቴን፣ ማለትም ውድ የሆነውን ፕሪሚየም ነዳጅ ይመክራል። በወሩ ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

መንገዳችን ለትልቅ ቸርኬ ምሕረት የለውም። ባለ 22 ኢንቹ ያምራል። የዲሲ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ጎማው ቀጭን ስለሆነ ቸርኬው ይታጠፋል። 20 ኢንቹ ይበቃችኋል፤ ምቾቱም ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ደኅንነቱን በስም ሳይሆን በፈተና እዩ

ባለ ሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶን በ1959 ያወጣው የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። ኩባንያው ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ይህ ዝና በከንቱ የመጣ አይደለም። ቢሆንም ዝና ፈተና አይተካም።

አይአይኤችኤስ የተባለው የኢንሹራንሶች የደኅንነት ተቋም ድረ ገጽ ግቡ። መኪናውንና ዓመቱን ጻፉ። ከሽልማቱ ምልክት በላይ አንድ ነገር ፈልጉ፤ በ2022 የተሻሻለውን የፊት ግጭት ፈተና። በዚህ ፈተና ከሾፌሩ ጀርባ አሻንጉሊት ሰው ይቀመጣል፤ መጠኑ የትንሽ ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጆቻችሁ የሚቀመጡት እዚያ ስለሆነ እናንተን የሚመለከታችሁ ውጤት ያ ነው።

ቀጥሎ የመኪናውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ (ቪን) ወስዳችሁ ኤንኤችቲኤስኤ በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት አስተካክላለሁ ብሎ መኪናውን መጥራቱ) እንዳለበት ፈልጉ። ሁለቱም መኪኖች አላቸው። በ2024 ወደ 145,000 የሚሆኑ የ2024 ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደርና ሌክሰስ ቲኤክስ ተጠርተዋል፤ የሾፌሩ መስታወት ወርዶ ሳለ ግጭት ቢደርስ በዚያ በኩል ያለው የመጋረጃ ኤርባግ እንደሚገባው ላይዘረጋ ይችላል ተብሎ። በ2025 ደግሞ ከ2020 ወዲህ የተሠሩ ከ11,000 በላይ የቮልቮ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪኖች በፍሬን ሶፍትዌር ምክንያት ተጠሩ። በ«ቢ» ማርሽ (ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ መኪናውን የሚያዘገየው) ፍሬን ሳይነካ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ ሊጠፋ ይችል ነበር። ያገለገለ ቲ8 የምታዩ ሰዎች ይህ መሠራቱን የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩ ቁልፍ አትቀበሉ። ጥገናው በነፃ ነው፤ ሻጩ «ገና ነው» ካለ «ስትጨርስ እንመጣለን» በሉት።

ደረጃ 7፦ ሂሳቡን በወረቀት አውጡ

እዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የግዛታችሁ ግብር። ቨርጂኒያ መኪና ስትገዙ 4.15 በመቶ ትወስዳለች። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ። በ60,000 ዶላር መኪና ላይ የመጀመሪያው 2,490 ዶላር ነው፣ ሁለተኛው 3,900። ዲሲ በመኪናው ክብደትና በነዳጅ ፍጆታው ታሰላለች፤ እነዚህ ደግሞ ከባድ መኪኖች ናቸው፣ ቲ8 በተለይ። የቨርጂኒያ ሰዎች ገና ደስ አይበላችሁ። ፌርፋክስም ሆነ አርሊንግተን በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ ግብር ይጠይቃሉ። ሌክሰሱ ዋጋውን ስለሚይዝ የሌክሰሱ ባለቤት ለብዙ ዓመት ከፍ ያለ ይከፍላል።

ሁለተኛው ከ2025 እስከ 2028 የሚሠራው አዲሱ የወለድ ቅናሽ ነው። አዲስ መኪና ለግል አገልግሎት በብድር ከገዛችሁና መኪናው የመጨረሻ ስብሰባው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ፣ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ወለድ ከታክስ ገቢያችሁ ላይ መቀነስ ይቻላል። ለአንድ ሰው ከ100,000፣ ለባልና ሚስት ከ200,000 ዶላር ገቢ በላይ ቅናሹ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሊዝ (የረጅም ጊዜ ኪራይ) እና ያገለገለ መኪና አይገቡም። ቲኤክስ 350 የሚገጣጠመው ኢንዲያና ውስጥ ፕሪንስተን በሚባል ከተማ ነው። ኤክስሲ 90 የሚመጣው ከስዊድን፣ ከቶርስላንዳ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ቮልቮው አያገኝም። ሳትጠይቁም ማወቅ ትችላላችሁ፤ በፊት መስታወቱ ሥር የተጻፈው ቪን በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ ነው። የስዊድኑ ቮልቮ «ዋይ» በሚለው ፊደል ይጀምራል።

ምን ያህል ነው ጥቅሙ? 45,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ለ60 ወር ብትበደሩ የወር ክፍያው 880 ዶላር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ወደ 2,700 ዶላር ይሆናል። 22 በመቶ የታክስ ክልል ውስጥ ላለ ቤት ወደ 590 ዶላር ቅናሽ ነው። መኪና አያስመርጥም፤ የአንድ ዓመት ዘይት መቀየሪያ ግን ይችላል።

ያንኑ ብድር ወደ 72 ወር ካወጣችሁት ክፍያው ወደ 756 ይወርዳል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ይህን ቁጥር ነው። የማያሳያችሁ በጠቅላላው ከ1,600 ዶላር በላይ ተጨማሪ እንደምትከፍሉ ነው። ዕቁብ የሚደርሳችሁ ከሆነ እስኪደርስ ጠብቁና ቅድሚያ ክፍያውን ከፍ አድርጉ።

ቮልቮውን በሊዝ ካሰባችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በመጨረሻ ይቀረዋል የሚሉትን ዋጋና «መኒ ፋክተር» የሚሉትን። ያን ትንሽ ቁጥር በ2,400 አባዙት፣ ወለዱ ይወጣል። 0.0025 ካሉ 6 በመቶ ነው። መልስ ካልሰጡ ውጡ። ኡበር ለመሥራት የምትጠቀሙበት ከሆነ ሊዝ አትግቡ፤ የማይል ቅጣቱ ይበላችኋል።

ኢንሹራንስ ቀላል ነው። የሁለቱንም ቪን ይዛችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ማን ነው የሚሠራላችሁ?

የሁለቱም መሠረታዊ ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው። ሌክሰስ ለሞተርና ለካምቢዮ እስከ 6 ዓመት ወይም 70,000 ማይል ይሰጣል። ቮልቮው እዚያው አራቱ ላይ ያበቃል። በሃይብሪድ ባትሪ ላይም ሌክሰስ ይበልጣል፤ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል።

ከዋስትና በኋላ ነው ልዩነቱ የሚታየው። ቲኤክስ ከግራንድ ሃይላንደር ጋር አንድ መሠረት ነው፤ 350ው ሞተሩንም ይጋራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለው የሐበሻ መካኒካችሁ ቶዮታን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ቮልቮው የራሱ መመርመሪያ ሶፍትዌር አለው፣ ቪዳ ይባላል። ያ የሌለው ጋራዥ መብራቱን አይቶ ከመገመት አያልፍም። ቮልቮ ለመያዝ የወሰናችሁ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ቮልቮ ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ፈልጉ። ከሌለ፣ ዋስትናው ሲያልቅ መኪናውን ሽጡት።

መቼም አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ «ታዲያ ለምን ግራንድ ሃይላንደሩን ራሱን አንገዛም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያው ፕሪንስተን ይሠራል፣ በብዙ ሺህ ዶላር ይረክሳል። ስሙ ካላስጨነቃችሁ ግዙት። የቀረውን ለልጆቹ ትምህርት አስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ ንዱት፣ ግን እናንተ በመረጣችሁት መንገድ

ሻጩ የሚወስዳችሁ አዲስ አስፋልት ያለበት አጭር ዙር ነው። እናንተ ቤልትዌይ ላይ ውጡ፣ ከዚያ ጉድጓድ ያለበት ሰፈር ግቡ። ሾፌሩ አንዱ ይሁን፣ ሌላው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ፤ ተነጋገሩ። ድምፅ ሳትጨምሩ ከተሰማማችሁ ጥሩ ነው። ሲመለስ ቦታ ተቀያየሩ።

የፊት ወንበር ላይ ቮልቮን የሚያህል የለም። ጀርባ ለሚያማቸው፣ ሌሊት ሠርተው ጠዋት ለሚነዱ ነርሶች ይህ ብቻ ሊያስመርጥ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ግን ሌክሰስ ይሻላል፤ 14 ኢንች ነው፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው የሚዞር ቁልፍ አለው። ቮልቮው ሙቀቱንም በስክሪን ውስጥ ስለሚያስፈልግ በክረምት ጓንት ለብሳችሁ ስትነኩት ያናድዳል።

ደረጃ 10፦ ዋጋ ስትጨርሱ

ዲለር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን የብድር ማረጋገጫ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ለሦስት ዲለሮች በኢሜይል ጻፉና ግብር፣ ታርጋና የዲለር ክፍያ ተጠቃልሎ ከበር የምትወጡበትን አንድ ቁጥር ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የዲለሩ የወረቀት ክፍያ ብቻውን 1,000 ዶላር ሊጠጋ ስለሚችል ከሌሎች ጋር ስታወዳድሩ እሱን አትርሱ። ቲኤክስ ላይ ብዙ ቅናሽ አትጠብቁ፤ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እንዳትከፍሉ ብቻ ጠንክሩ። ቮልቮው ላይ ግን ተከራከሩ፣ በተለይ የዓመቱ ሞዴል ሊቀየር ሲል።

ዋጋ ካለቀ በኋላ ወደ ፋይናንስ ክፍል ይወስዷችኋል። ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ሁለታችሁም ደክማችኋል። የቀለም መከላከያ፣ የጎማ ዋስትና፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ፣ አንድ ባንድ «በወር 18 ዶላር ብቻ» እየተባለ ይቀርባል። ሁሉንም እምቢ ማለት ይቻላል። የተራዘመ ዋስትና ለቮልቮው ሊታሰብ ይችላል፤ እሱንም ቢሆን ያን ቀን መፈረም የለባችሁም። ኮንትራቱ ላይ ያለውን ቪን ከመኪናው ጋር አስተያዩ። ማይሉን እዩ። ሁለት ቁልፍ ተቀበሉ። ካር ሲቶቹን እዚያው እሰሩ፤ ቤት ደርሰን ካላችሁ ልጆቹ በምን ይመጣሉ?